የመከላከል ቅየራ፦ የታይፕ ሠንጠረዡን በቃሌ እያወቅኩ ቡድኔ ለምን ያልቃል?

ጥያቄ፦ «ፖክሞን ሾውዳውን በተባለው የኢንተርኔት የፖክሞን ውጊያ መድረክ ላይ ስድስት ለስድስት ነጠላ ውጊያ እጫወታለሁ። የማይመቸኝ ፖክሞን ሲገጥመኝ ወዲያውኑ ጥቃቱን የሚቋቋም ቀይሬ አስገባለሁ። ሆኖም ገና 15ኛው ተራ ላይ ሁሉም ግማሽ ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) ይቀራቸዋል፤ ከዚያ የተጋጣሚዬ አንድ ፖክሞን ይገባና ጠራርጎ ይጨርሰኛል። የማስገባውን ቀድሞ የሚያውቅ ይመስላል። ቡድኔ ኮርቪናይት፣ ስሎውብሮ፣ ሂትራን፣ ቲንግሉ፣ ድራጎናይት እና ድራጋፑልት ነው። ቅየራ ልቀንስ ወይስ የተጋጣሚን ሐሳብ መገመት ልለማመድ?»

ምላሽ፦ በሁለቱም አይፈታም። ችግሩ የቅየራው ብዛት ሳይሆን እያንዳንዱ ቅየራ ምን ያህል ኤችፒ እንደሚያስከፍል ሳያሰሉ መቀየርዎ ነው። የታይፕ ሠንጠረዡ አንድ ጥቃት በሚመታው ፖክሞን ታይፕ (እንደ እሳት፣ ውሃ፣ ብረት ያለ ዓይነት) ምክንያት በስንት እንደሚባዛ ይነግርዎታል። አሁን የገባው ፖክሞን ከአምስት ተራ በኋላ ተመልሶ መግባት ይችል እንደሆነ ግን አይነግርዎትም፤ በመከላከል የሚጫወት ሰው ደግሞ የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም በዚህ በሁለተኛው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በ9ኛው ትውልድ፣ ማለትም በ2022 በወጡት በስካርሌት እና በቫዮሌት ሕግ፣ በደረጃ 100 የተሰሉ ናቸው።

በአንድ ተራ ውስጥ ቅየራ ከጥቃት ይቀድማል። ተጋጣሚዎ ሂትራንን ሊመታበት ያዘዘው ጥቃት ሂትራን ስለወጣ አይሰረዝም፤ በገባው ላይ ያርፋል። ስለዚህ አንድ ተራ ለቅየራ ሲያውሉ ሦስት ነገር ይከፍላሉ፦ በዚያ ተራ ሊሰነዝሩት ይችሉ የነበረውን ጥቃት፣ ገቢው የሚቀበለውን ጉዳት፣ እና በእርስዎ በኩል መሬት ላይ የተዘረጋውን ወጥመድ። ብዙ ተጫዋች የሚያየው መካከለኛውን ብቻ ነው። «ግማሽ ጉዳት ብቻ ነው የወሰደው» ብሎ ይረካና በሌሎቹ ሁለቱ ያልቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ ወጥመዱን ይመልከቱ፤ በገለጹት ሁኔታ ዋናው ተጠርጣሪ እሱ ነው። ስቴልዝ ሮክ የተባለው ወጥመድ የሚገባውን ሁሉ ለድንጋይ ታይፕ ባለው ድክመት መጠን ይመታል። ድንጋይ በመደበኛ የሚጎዳው ፖክሞን ከሙሉ ኤችፒው 12.5 በመቶ ያጣል፤ ለድንጋይ ደካማ የሆነው 25፣ እጥፍ ደካማ የሆነው 50፣ የሚቋቋመው 6.25 በመቶ። በእርስዎ ቡድን ኮርቪናይት፣ ስሎውብሮ፣ ሂትራንና ድራጋፑልት 12.5፣ ድራጎናይት 25፣ ቲንግሉ 6.25 ይከፍላሉ። አሁን ይደምሩት፦ 12.5 በመቶ የሚከፍሉት በድምሩ ስምንት ጊዜ ከገቡ አንድ ሙሉ ፖክሞን ጠፋ ማለት ነው፤ ያውም ተጋጣሚዎ አንድም ጥቃት ሳይሰነዝር። በ15 ተራ ውስጥ ስምንት ጊዜ መግባት ደግሞ እንደ እርስዎ ለሚጫወት ሰው ተራ ነገር ነው። በዚህ ላይ ስፓይክስ የተባለው የእሾህ ወጥመድ ከተጨመረ መሬት የሚረግጡት በአንድ ንብርብር 12.5፣ በሁለት 16.7፣ በሦስት 25 በመቶ ይጨምራሉ። በራሪዎቹ ኮርቪናይትና ድራጎናይት ከስፓይክስ ያመልጣሉ፤ ከስቴልዝ ሮክ ግን አያመልጡም።

ይህ ቁጥር ጨዋታውን እንዴት እንደሚገለብጠው በስሎውብሮና በጋርቾምፕ ላይ በቅርበት እንየው። ስሎውብሮ 252 ኢቪ (ተጫዋቹ የሚያከፋፍለው የሥልጠና ነጥብ) ኤችፒ ላይ፣ 252 ኢቪ ዲፌንስ (መከላከያ) ላይ፣ ኔቸሩ (ጠባዩ) ዲፌንስ የሚጨምረው ቦልድ ሲሆን ኤችፒው 394፣ ዲፌንሱ 350 ነው። 252 ኢቪ አታክ (የማጥቃት ኃይል) ያለው፣ ኔቸሩ ጆሊ የሆነ ጋርቾምፕ ያለ ምንም አጋዥ ዕቃ በመሬት ታይፕ ጥቃቱ በኧርዝኩዌክ ሲመታው ጉዳቱ ከ111 እስከ 132 ኤችፒ፣ ማለትም ከ28 እስከ 33.5 በመቶ ነው። የስሎውብሮ አቢሊቲ (ልዩ ችሎታ) ሪጀነሬተር ሲወጣ የኤችፒውን ሲሶ፣ 131 ይመልስለታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። መሬቱ ንጹሕ ከሆነ ስሎውብሮ ኧርዝኩዌክ ላይ ገብቶ በሚቀጥለው ተራ ቢወጣ የከፈለው በሙሉ ማለት ይቻላል ተመልሶለታል፤ ይህንን ዑደት ያለ ማገገሚያው ስላክ ኦፍ እንኳ ደጋግሞ ይሸከመዋል። ስቴልዝ ሮክ ካለ ግን በእያንዳንዱ ዑደት እስከ 50 ኤችፒ ይጎድልበታል። ከሦስት ዙር በኋላ እስከ 150 ኤችፒ አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ግን ሦስቱንም ጊዜ «ትክክለኛውን ቀይሬ አስገብቻለሁ» ብለው ያስባሉ። ቅየራው ትክክል ነበር፤ መሬቱ አልነበረም።

ያው ጋርቾምፕ ቾይስ ባንድ (አታክን በአንድ ተኩል የሚያባዛ፣ ግን በአንድ ጥቃት ላይ የሚቆልፍ ዕቃ) ይዞ ቢመጣስ? ኧርዝኩዌኩ አሁን ከ166 እስከ 196 ይመታል። ጋርቾምፕ ከስሎውብሮ ስለሚፈጥን ሲገባ አንድ፣ ስሎውብሮ ሳይንቀሳቀስ ደግሞ ሌላ ምት ያሳርፍበታል። የሁለቱ ምቶች ትልቁ ድምር 392 ነው፤ የስሎውብሮ ኤችፒ ደግሞ 394። ሙሉ ሆኖ ንጹሕ መሬት ላይ ከገባ፣ ክሪቲካል (በዕድል የሚበረታ ምት) ካልመጣበት በቀር፣ በሕይወት ይተርፍና መልስ ይሰጣል። ስቴልዝ ሮክ ካለ በ345 ስለሚጀምር በአብዛኛው በሁለተኛው ምት ይወድቃል። ስቴልዝ ሮክና አንድ ንብርብር ስፓይክስ አብረው ካሉ በ296 ይጀምራል፤ የሁለቱ ምቶች ትንሹ ድምር 332 ስለሆነ ሞቱ የተረጋገጠ ነው። ፖክሞኑም ታይፑም ያው ነው፤ የተለየው መሬት ላይ ያለው ብቻ ነው።

ስለዚህ ስለ ግምት ከማሰብዎ በፊት መሬቱን ያስተካክሉ። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሄቪ ዱቲ ቡትስ ነው፤ የያዘውን ፖክሞን ከመሬት ወጥመድ ሁሉ ይከላከልለታል። በእርስዎ ቡድን ስሎውብሮና ድራጎናይት ያለ ቡትስ መግባት የለባቸውም። ስሎውብሮ ለምን እንደሆነ ከላይ አይተናል። የድራጎናይት አቢሊቲ መልቲስኬል ከሆነ ደግሞ ጉዳትን በግማሽ የሚቀንስለት ኤችፒው ሙሉ ሲሆን ብቻ ነው፤ ስቴልዝ ሮክ ገና ሲገባ ሩቡን ከወሰደበት አቢሊቲው ለዚያ ተራ የለም ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ መጥረግ ነው። ኮርቪናይት ዲፎግ ይማራል፤ ዲፎግ ግን የሁለቱንም ወገን ወጥመድ ስለሚያጠፋ የራስዎን ስቴልዝ ሮክ አብሮ ይወስደዋል። ተጋጣሚዎ ጎልደንጎ ካለው ደግሞ ዲፎግ እሱ ላይ አይሠራም፤ መንፈስ ታይፕ ስለሆነ ሌላው ወጥመድ ጠራጊ ጥቃት ራፒድ ስፒንም አይነካውም። ስለዚህ ጎልደንጎ ባለበት ጨዋታ ዲፎግን ማዘዝ ያለብዎት እሱ በማይገባበት ተራ፣ ወይም ገብቶ ዋጋ በሚከፍልበት ተራ ነው። ሂትራንና ቲንግሉ እሱን መቅጣት የሚችሉ ስለሆኑ አንዱን በጤና ያቆዩ።

ቡትስ ዘላለማዊ አይደለም። ኖክ ኦፍ ያስጥለዋል፤ ሊያስጥለው የሚችል ዕቃ ሲያገኝም ጉዳቱ በአንድ ተኩል ይባዛል። ኖክ ኦፍ የጨለማ ታይፕ ስለሆነ ስሎውብሮን በእጥፍ ይመታዋል፤ ዕቃውንም ኤችፒውንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ስለዚህ ኖክ ኦፍ የሚቀበልልዎት አስቀድሞ የተወሰነ መሆን አለበት፤ ያ ደግሞ ጨለማን የሚቋቋመው ቲንግሉ ነው። የቲንግሉ ሌፍትኦቨርስ (በየተራው ጥቂት ኤችፒ የሚመልስ ዕቃ) ቢሄድ ያሳዝናል፤ የስሎውብሮ ቡትስ ቢሄድ ግን እቅዱ በሙሉ ይሄዳል።

ሁለተኛው ስሕተትዎ «የሚቋቋም ካለኝ በቂ ነው» የሚለው ነው። መቋቋም ማለት አንድን ጥቃት መቀበል እንጂ አንድን ፖክሞን ማቆም አይደለም። ስሎውብሮና ጋርቾምፕን እንደገና እንውሰድ። ጋርቾምፕ አታኩን በእጥፍ የሚያሳድገውን ሶርድስ ዳንስ ሲሠራ ስሎውብሮን አስገቡ እንበል። አሁን ኧርዝኩዌኩ ከ220 እስከ 261 ይመታል፤ ከ56 እስከ 66 በመቶ። ስሎውብሮ አንዱን ይችላል፤ ሁለተኛውን አይችልም። አንዱን ተቀብሎ አይስ ቢም ቢመልስ፣ ስፔሻል አታክ ላይ ኢቪ ስለሌለው ጉዳቱ ከጋርቾምፕ 357 ኤችፒ ከ296 እስከ 352 ነው፤ ከ83 እስከ 98.6 በመቶ። በረዶ ጋርቾምፕን በአራት እጥፍ ይመታል፤ ሙሉ ኤችፒ ያለውን ጋርቾምፕ ግን አይገድለውም። ስሎውብሮ መልስ የሚሆነው ሁለት ቅድመ ሁኔታ ሲሟላ ነው፦ ጋርቾምፕ ከ83 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ስሎውብሮ ደግሞ ቢያንስ 262 ኤችፒ፣ ስቴልዝ ሮክ ካለና ቡትስ ካጣ 311፣ ማለትም 79 በመቶ ሊኖረው ይገባል። 60 በመቶ ላይ ያለ ስሎውብሮ በወረቀት ላይ ያው ስሎውብሮ ነው፤ ለዚህ ጋርቾምፕ ግን የለም። «አንዱ ገብቶ ጠራርጎ ጨረሰኝ» ያሉት ይህ ነው። ጠራርጎ የጨረሰዎት ፖክሞን በዚያ ተራ አልጠነከረም፤ መልሱ ከአምስት ተራ በፊት ለማይረባ ጥቃት ገብቶ ከመስመሩ በታች ወርዶ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው አሠራር ይህ ነው። ውጊያው ከመጀመሩ በፊት ስድስቱም የተጋጣሚ ፖክሞኖች ይታያሉ። ለሁሉም እኩል አይጨነቁ። ቡድንዎን ብቻውን ሊጨርስ የሚችለውን አንዱን ወይም ሁለቱን ይለዩ፤ ለእያንዳንዱ ማን መልስ እንደሆነና መልሱ ስንት በመቶ ሲኖረው ብቻ መልስ ሆኖ እንደሚቆይ ይወስኑ። የሾውዳውን የጉዳት ማስያ ይህን በጥቂት ሰከንድ ይሰጥዎታል። ከዚያ በኋላ ያ ፖክሞን ለሌላ ሥራ የሚገባው ከመስመሩ በላይ እስከቆየ ድረስ ነው። ስሎውብሮ ለጋርቾምፕ የተያዘ ከሆነ ለተራ የውሃ ጥቃት ሁሉ አያስገቡት፤ ጥቃቱ ጉልህ አደጋ ካልሆነ ሌላው ይቀበለው፣ ወይም በሜዳ ያለው ራሱ ይታገሥ።

የቡድንዎ የታይፕ ትስስር እንደ እውነቱ ከሆነ ጥሩ ነው፤ መለወጥ የለበትም። የመሬት ታይፕ ጥቃት ሂትራንን በአራት እጥፍ ይመታል፤ ኮርቪናይትን ግን ጨርሶ አይነካውም። እሳት ኮርቪናይትን ይጎዳል፤ ፍላሽ ፋየር ያለውን ሂትራን ግን ያጠናክረዋል። ኤሌክትሪክ ኮርቪናይትንም ስሎውብሮንም ይጎዳል፤ ቲንግሉን አይነካውም። ስሎውብሮ የሚፈራቸውን መንፈስንና ጨለማን ቲንግሉ ይቋቋማል፤ ሣርንና ትልን ደግሞ ሂትራን ወደ ሩብ ያወርዳቸዋል። ቲንግሉ የሚፈራቸውን ውሃ፣ በረዶና ፋይቲንግ ስሎውብሮ፣ ፌሪን ሂትራን ይቀበላል። አራቱ አንዱ የሌላውን ቀዳዳ ይደፍናሉ። ድክመቱ ያለው ከአራቱ አንዱ ሲወድቅ ነው፤ በተለይ ቲንግሉ ከወደቀ መንፈስንም ጨለማንም የሚቋቋም አንድም አይቀርዎትም፤ ድራጋፑልት ራሱ ለሁለቱም ደካማ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ «ተጋጣሚዬ ያነበኛል» ወደሚለው። አያነብዎትም፤ ማንበብ አያስፈልገውም። በሜዳ ሂትራን ከጋርቾምፕ ፊት ቆሞ ሲያይ ኮርቪናይት እንደሚገባ ማንም ያውቃል። ጥያቄው ማወቁ ምን ያተርፍለታል የሚለው ነው። በእያንዳንዱ ምርጫዎ ሊደርስ የሚችለውን የከፋ ውጤት ይመዝኑ። ሂትራን ቢቆይና ኧርዝኩዌክ ቢመጣ ሂትራን ሞተ፤ ድራጎን እሳትን ስለሚቋቋም፣ ግምትዎ ቢሳካ እንኳ የሂትራን ምት ጋርቾምፕን ብዙ አይጎዳውም። ትንሽ ለማትረፍ ሁሉን ማስያዝ ነውና መቆየቱን ይተዉት። ኮርቪናይት ቢገባ የከፋው ነገር ተጋጣሚዎ ገምቶ ስቴልዝ ሮክ መዘርጋቱ፣ ሶርድስ ዳንስ መሥራቱ፣ ወይም ኮርቪናይትን የሚያስፈራ ሌላ ፖክሞን ማስገባቱ ነው። ስሎውብሮ ቢገባ የከፋው ተራ ምት 33 በመቶ ነው፤ ሲወጣ ይመለስለታል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ጊዜ ኮርቪናይትን ያስገቡ። ተጋጣሚዎ ኮርቪናይት ሊገባ በሚችልበት ተራ በእሳት ጥቃት ወይም በኤሌክትሪክ ፖክሞን ሊቀጣዎት እንደሚሞክር ካሳየ፣ በሚቀጥለው ተመሳሳይ ሁኔታ ስሎውብሮን ያስገቡ። ይህ ድፍረት አይደለም፤ ግምትዎ ቢሳሳት የሚከፍሉት 33 በመቶ ስለሆነና ስለሚመለስ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ግምት የሚሞክሩት ቢሳሳቱ ጨዋታው በሚቀጥልበት ተራ ብቻ ነው። ተጋጣሚ ይወጣል ብሎ ቀድሞ መቀየርም በዚሁ ሚዛን ይታያል። ያልወጣው ፖክሞን ገቢዎን በአንድ ምት የሚገድል ከሆነ አይሞክሩት።

ሁልጊዜ ደግሞ ኤችፒ ከፍሎ መግባት የለም። በጣም ርካሹ መግቢያ ምንም ሳይመታ የሚገባበት ነው፤ ይህም በሦስት መንገድ ይገኛል። የመጀመሪያው ተጋጣሚ ቾይስ ዕቃ ይዞ በአንድ ጥቃት ላይ ሲቆለፍ ነው። ጥቃቱን ጨርሶ የማይቀበል ፖክሞን ካስገቡ እስኪወጣ ድረስ ምንም ማድረግ አይችልም፤ ያ ተራ የእርስዎ ነው። ሁለተኛው ዩ-ተርን ነው፤ መትቶ ወዲያው በሌላ ፖክሞን የሚቀይር ጥቃት ነው። በዩ-ተርን ፍጥነት የሚያገለግለው በተቃራኒ አቅጣጫ መሆኑን ልብ ይበሉ። ፈጣኑ ድራጋፑልት ዩ-ተርን ሲያደርግ በአብዛኛው ቀድሞ ስለሚወጣ የሚመታው ገቢው ነው። ቀርፋፋው ኮርቪናይት ግን በብዙ ፈጣን አጥቂዎች ፊት በኋላ ስለሚንቀሳቀስ ምቱን ራሱ ተቀብሎ ገቢውን ንጹሕ ያስገባዋል። ለመከላከል የሚጠቅመው የቀርፋፋው ነው። ድራጎናይትን ሳይነካ ማስገባት ሲፈልጉ መንገዱ የኮርቪናይት ዩ-ተርን ነው። ድራጋፑልትን ለዚህ አይጠቀሙበት።

ሦስተኛው መሥዋዕት ነው፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ነው። አንድ ፖክሞን ሲወድቅ ተተኪው ያለ ምት ይገባል። ሥራው ያለቀ፣ 15 በመቶ ኤችፒ የቀረው ፖክሞን በሜዳ ካለዎት እሱን ለማዳን ብለው ጤነኛውን ምት ውስጥ አያስገቡ። የሚሞተው ይሙት፤ ጤነኛው በነፃ ይግባ። ጥንቃቄው ይህ ነው፦ ሥራው ማለቁን ያረጋግጡ። 15 በመቶ ያለው ኮርቪናይት የመሬት ጥቃትን አሁንም በዜሮ ይቀበላል፤ ተጋጣሚዎ ቾይስ ባንድ ጋርቾምፕ ካለው እሱን መሠዋት ከባድ ስሕተት ነው። በሌላ በኩል አታክንና ፍጥነትን ለሚጨምረው ድራጎን ዳንስ የሚጠብቁትን ድራጎናይት እንደ ተራ ገቢ ምት ማስቀበል የማሸነፊያ መንገድዎን እንደ ጋሻ ማባከን ነው። ድራጎናይት እስከ ጨዋታው ማብቂያ ባይገባ ይመረጣል።

ጥቂት ሰዎች የሚያስተውሉት ነገር ደግሞ አለ። የሚመጣብዎ ምት ራሱ መረጃ ነው። ስሎውብሮ ኧርዝኩዌክ ሲቀበል 30 በመቶ ከወረደ ጋርቾምፑ የኃይል ዕቃ የለውም። 40 በመቶ ገደማ ከወረደና ጋርቾምፑ ራሱ ከኤችፒው አሥረኛውን ካጣ ላይፍ ኦርብ ይዟል። 46 በመቶ ከወረደ ቾይስ ባንድ ነው፤ ተቆልፏል ማለት ነውና በሚቀጥለው ተራ ኮርቪናይት ይግባ። ሲገባ ስቴልዝ ሮክ ያልነካው በአብዛኛው ቡትስ ይዟል። መቅደም የማይገባው ከቀደመዎት ፍጥነት የሚጨምረውን ቾይስ ስካርፍ ይዟል ብለው ይጠርጥሩ። ቀያሪ ተጫዋች በተከታታይ የሚያጣው ኤችፒ በከንቱ እንዳይሆን ከእያንዳንዱ ምት ይህንን ማውጣት አለበት።

ከቅየራ ጋር የተያያዙ፣ ትንሽ የሚመስሉ ግን ጨዋታ የሚያስቀይሩ ጥቂት ሕጎችም አሉ። የኃይል ጭማሪም ቅነሳም ሲወጡ ይጠፋል፤ የሊች ሲድ፣ የታውንት፣ የኤንኮርና የኮንፊዩዥን ተጽዕኖም እንዲሁ። የቶክሲክ መርዝ አይጠፋም፤ በየተራው የሚያድገው ጉዳቱ ግን ወደ መጀመሪያው አንድ አሥራ ስድስተኛ ይመለሳል። ስለዚህ የተመረዘ ተከላካይ ሦስትና አራት ተራ ሜዳ ላይ አያቆዩ። ሩስት ኤችፒ ሲመልስ ለዚያ ተራ የበራሪ ታይፕን ያስወልቃል። ኮርቪናይት ከጋርቾምፕ ፊት ሩስት ቢያደርግ ጋርቾምፕ ቀድሞ ስለሚመታ ኧርዝኩዌኩ አይነካውም። ከእሱ በሚዘገየው የተጋጣሚ ቲንግሉ ፊት ካደረገው ግን ኧርዝኩዌኩ ከሩስት በኋላ ይመጣና ብቻውን የቀረውን ብረት በእጥፍ ይመታዋል። እንደ ማግማ ስቶርም ባለ ጥቃት ከታሰሩ በተለመደው መንገድ መቀየር አይችሉም፤ ዩ-ተርን ግን ያስወጣዎታል።

በ9ኛው ትውልድ ማገገሚያዎችም ውስን ሆነዋል። ስላክ ኦፍ፣ ሩስት እና ሪከቨር ፒፒያቸው (በአንድ ውጊያ የመጠቀሚያ ብዛታቸው) 5 ነው፤ ቢበዛ ወደ 8 ያድጋል። ስለዚህ «ገብቼ አገግማለሁ፣ እወጣለሁ፣ ደግሞ ገብቼ አገግማለሁ» የሚለው ጨዋታ ስምንት ጊዜ ብቻ ይሠራል። ዑደቱ ተጋጣሚዎን እያስከፈለው ካልሄደ እየተሸነፉ ነው። የእርስዎ ስቴልዝ ሮክ በእሱ በኩል መኖር አለበት፤ ቲንግሉ ወይም ሂትራን በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ይዘርጉት። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ቀይረው ተጋጣሚዎ ምንም ካላጣ፣ ኤችፒም፣ ዕቃም፣ ቴራም፣ ሦስተኛውን አይቀይሩ። በሜዳ ያለው ይምታ፣ ወይም ይሠዋ።

ቴራን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ ውጊያ አንድ ጊዜ የአንድ ፖክሞንን ታይፕ መለወጥ ይችላል፤ ለውጡም ከቅየራ በኋላ፣ ከጥቃት በፊት ይፈጸማል። እርስዎ ቀይረው የሚቋቋም ካስገቡ በኋላ ተጋጣሚው ታይፑን ለውጦ ሊመታዎት ይችላል ማለት ነው። ይህ ሠንጠረዡን ብቻ የሚያምን ተጫዋች የሚወድቅበት ቦታ ነው። ተጋጣሚው ቴራውን እስኪጠቀም ድረስ ለዋናው አጥቂ አንድ መልስ አይበቃዎትም፤ ሁለት ይያዙ። የራስዎን ቴራ ደግሞ ከመልሶቹ አንዱ ሲወድቅ የተከፈተውን ቀዳዳ ለመድፈን ያቆዩት።

የዚህ ሁሉ ገደብም መታወቅ አለበት። ስሌቱ ክሪቲካልን አያቆምም፤ ዕድሉ ከ24 አንድ ነው፣ ጉዳቱም አንድ ተኩል እጥፍ። ስሌቱን ከመስመሩ በላይ ጥቂት አስበልጠው መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሁለት ለሁለት በሚካሄደው ይፋዊ ውድድርም ይህ ምክር እንዳለ አይሠራም። እዚያ አራት ፖክሞን ብቻ ስለሚገቡና ውጊያው አጭር ስለሆነ ስቴልዝ ሮክ ብዙ ዋጋ የለውም፤ የተራውን ጥቃት የሚያግደው ፕሮቴክት አብዛኛውን የመከላከል ሥራ ይወስዳል።

የማዝዎ ይህንን ነው። ቡድኑን አይለውጡ። ለስሎውብሮና ለድራጎናይት ቡትስ፣ ለቲንግሉ ሌፍትኦቨርስ ይስጡ፤ ኮርቪናይት ዲፎግ፣ ሩስትና ዩ-ተርን ይያዝ። ውጊያ ከመጀመርዎ በፊት ከተጋጣሚ ስድስት መካከል በጣም አደገኛውን መርጠው የመልሱን ዝቅተኛ ኤችፒ በማስያው ያውጡ፤ ያንን ቁጥር ከፊትዎ ያስቀምጡና መልሱ ከዚያ በታች የሚያወርደውን ቅየራ እምቢ ይበሉ። ከዚያ የተሸነፉባቸውን ውጊያዎች ቅጂ ከፍተው ከመጨረሻው ተራ ወደ ኋላ ይሂዱ፤ የጨረሰዎት ፖክሞን መልስ የነበረው ከመስመሩ በታች የወረደበትን ተራ ይፈልጉ። በዚያ ተራ ሌላ ማን ሊገባ ይችል እንደነበር ይመልከቱ፤ የሚያስተካክሉት ያንን ተራ ነው።